የቢትኮይን ዋጋ ሩጫ፤ ቻርቱ የሚነግረንና የማይነግረን

ዓምዳችን ዘወትር የሚያተኩረው በንግድ ፈቃድ፣ በታክስና በኢሚግሬሽን ጉዳዮች ላይ ነው። ዛሬ ግን ከአዳምስ ሞርጋን ካፌዎች አንሥቶ እስከ ኤርፖርቱ የታክሲ ወረፋ ድረስ ደጋግሞ ስለሚነሣ አንድ ጥያቄ እንነጋገራለን። ጥያቄው «ቢትኮይን እየወጣ ነው፤ ልግባ ወይስ ልጠብቅ?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴና ቀይ መስመር የሞላበት ሥዕል ያሳያል፤ «ሞመንተሙ ጠንካራ ነው እያሉ ነው» ሲልም ይጨምራል።

ለመሆኑ ሞመንተም የሚባለው ምንድን ነው? እንዴትስ ይሰላል? ለባለ ሱቅና ለባለ ታክሲ ምን ይጠቅማል? በዚህ ጽሑፍ ስሌቱን በቀላል ቁጥር እናያለን፤ ቀጥሎም ምልክቶቹ በእውነተኛው ገበያ የሠሩበትንና ያልሠሩበትን ጊዜ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የታክሱን ጉዳይ እናነሣለን። ዋናውን ነጥብ ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሞመንተም የዋጋን ፍጥነት ይለካል እንጂ ንብረቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ አይመዝንም። ስለሆነም የመክፈያ ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ በፍጥነት መለኪያ ተመርቶ ወደዚህ ገበያ መግባት የለበትም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜትር ያለው ንብረትና ሜትር የሌለው ንብረት

አንድ ሰው ታክሲውን ወይም ሱቁን ሊሸጥላችሁ ቢመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ገቢው ነው። ከዚያም ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ትጠይቃላችሁ። ታክሲ ሜትር አለው፤ ሱቅም የሽያጭ መዝገብ አለው። የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን አይታችሁ «ይህ ዋጋ በዝቷል» ወይም «ይህስ ያዋጣል» ለማለት ትችላላችሁ።

ቢትኮይን ሜትር የለውም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበው መነሻ ጽሑፍ የወጣው በኦክቶበር 2008 ሲሆን፣ ኔትወርኩ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2009 ነው። ጠቅላላ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተደርጎ ተሠርቷል። አዲስ የሚወጣውም መጠን በአራት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በኤፕሪል 2024 የተደረገው ቅነሳ አራተኛው ነበር። ይሁን እንጂ ቢትኮይን ኪራይ አያስገባም፤ ወለድም ሆነ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም። ባለቤቱ የሚያተርፈው ሌላ ሰው እሱ ከገዛበት በበለጠ ዋጋ ሲገዛው ብቻ ነው።

የሚመዘን ገቢ ስለሌለ፣ ብዙ ነጋዴዎች ዋጋው ራሱ የሄደበትን መንገድ ወደ ማጥናት አዘንብለዋል። ይህ ጥናት ቴክኒካል አናሊስስ ይባላል። ያለፈውን ዋጋና የተገበያየውን መጠን በሥዕል እያስቀመጡ የነገውን መገመት ማለት ነው። ዘዴው ከቢትኮይን እጅግ ይቀድማል። በሻማ ቅርጽ የሚሳለው የዋጋ ሥዕል መነሻው የጃፓን የሩዝ ገበያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ የዎል ስትሪት ጆርናል መሥራች ከሆኑት አንዱ የነበረው ቻርልስ ዳው የዋጋ አካሄድን በማጥናት ይታወቃል። አሁን ወደ መለኪያዎቹ እንለፍ።

አንደኛ፤ ተንቀሳቃሽ አማካይ

የአንድ ግሮሰሪ የሳምንት ሽያጭ ለምሳሌ እንውሰድ። ሰኞ 700፣ ማክሰኞ 650፣ ረቡዕ 720፣ ሐሙስ 800፣ ዓርብ 1,300፣ ቅዳሜ 1,500፣ እሑድ 1,330 ዶላር ሸጠ እንበል። ድምሩ 7,000 ዶላር ነው፤ ለሰባት ሲካፈል በቀን 1,000 ይደርሳል። በሚቀጥለው ሰኞ 840 ዶላር ሸጠ። ከእሑዱ ጋር ብቻ ካነጻጸርነው ሽያጩ የወደቀ ይመስላል። የድሮውን ሰኞ 700 አውጥተን አዲሱን 840 ስናስገባ ግን ድምሩ 7,140፣ አማካዩም 1,020 ይሆናል። ሱቁ እየተሻሻለ ነው ማለት ነው።

ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ይኸው ነው። በየቀኑ አሮጌው ቁጥር ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ የቀን ከቀን መዋዠቁም ይረጋጋል። በቢትኮይን ገበታ ላይ በብዛት የሚታዩት የ50 ቀንና የ200 ቀን አማካዮች ናቸው። የ50ው መስመር ከታች ተነሥቶ የ200ውን አቋርጦ ወደ ላይ ሲወጣ «ወርቃማ መስቀል» ይሉታል፤ የመግዣ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በተቃራኒው ወደ ታች ሲያቋርጥ «የሞት መስቀል» ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ያለፉት 50 ቀኖች አማካይ ከ200ው አማካይ በታች ወረደ ከማለት አያልፍም።

ሁለተኛ፤ የለውጥ ፍጥነት

ከመለኪያዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። የዛሬውን ዋጋ ከ30 ቀን በፊት ለነበረው ዋጋ ማካፈል ብቻ ነው። ከ30 ቀን በፊት 80,000 ዶላር የነበረው ዛሬ 92,000 ከሆነ የወሩ ፍጥነት 15 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ወር 99,360 ቢደርስ ደግሞ ፍጥነቱ 8 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዋጋው ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን ቀነሰ።

ይህን ከባለ ታክሲ በላይ የሚረዳ የለም። ከፍሎሪዳ አቬኑ ተነሥታችሁ በ16ኛው ጎዳና ወደ ሜሪዲያን ሂል ሽቅብ ስትነዱ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ብታነሡ መኪናው ወዲያው ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ለጥቂት ጊዜ ሽቅብ መሄዱን ይቀጥላል፤ እየተጓዘም ኃይሉ ይደክማል። የሞመንተም አጥኚዎች የሚፈልጉት ይህን ነው፤ ዋጋው ገና እየወጣ ሳለ የሚገፋው ኃይል መድከም መጀመሩን ለማየት። ነገር ግን ሾፌሩ እንደገና ነዳጅ ሊሰጥ ይችላል። ከመኪናው ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛ፤ አር.ኤስ.አይ.

ይህን መለኪያ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ዌልስ ዋይልደር ነው። ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር ሲሆን የተለመደው ጊዜ 14 ቀን ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ባለፉት 14 ቀኖች ዋጋው ዘጠኝ ቀን ወጣ፣ አምስት ቀን ወረደ እንበል። የወጣባቸው ቀኖች ጭማሪ ሲደመር 6,300 ዶላር፣ የወረደባቸው ቀኖች ቅናሽ ሲደመር 2,100 ዶላር ሆነ። ጠቅላላ እንቅስቃሴው 8,400 ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ላይ የሆነው 6,300 ስለሆነ ድርሻው 75 በመቶ ይመጣል። አር.ኤስ.አይ. 75 ነው ማለት በመሠረቱ ይህ ነው።

በልማድ ከ70 በላይ ሲሆን «ከመጠን በላይ ተገዝቷል»፣ ከ30 በታች ሲሆን «ከመጠን በላይ ተሸጧል» ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 75 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ገዢዎች ሰሞኑን እንደበረቱ ነው። ቢትኮይኑ ውድ ነው አይልም፤ ነገ ይወድቃልም አይልም። በ2020 መጨረሻ ገደማ ዋጋው ወደ 20 ሺህ ዶላር ሲጠጋ ሳምንታዊው አር.ኤስ.አይ. ከ70 በላይ ነበር። «ከመጠን በላይ ተገዝቷል» ብሎ የሸጠ ሰው፣ በኤፕሪል 2021 ዋጋው 64 ሺህ ገደማ ሲደርስ ከዳር ቆሞ ተመልካች ነበር።

አራተኛ፤ ማክዲ እና የመስመሮች መለያየት

ማክዲ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጄራልድ አፕል የተዘጋጀ መለኪያ ነው። ለቅርብ ቀኖች የበለጠ ክብደት የሚሰጡ የ12 ቀንና የ26 ቀን አማካዮችን ያቀናንሳል። የ12ቱ ከ26ቱ እየራቀ ወደ ላይ ከሄደ ግፊቱ እየጨመረ ነው፤ እየተቀራረቡ ከመጡ ግፊቱ እየላላ ነው። የልዩነቱ የ9 ቀን አማካይ ደግሞ እንደ ምልክት መስመር ያገለግላል።

አጥኚዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁት ዋጋውና መለኪያው ሲለያዩ ነው። ግልጽ ምሳሌው የ2021 ዓመት ነው። በኤፕሪል 64 ሺህ ዶላር ገደማ የደረሰው ዋጋ በጁላይ ከ30 ሺህ በታች ወርዶ ታየ፤ ከዚያም ተነሥቶ በኖቬምበር 69 ሺህ ገደማ ደረሰ። ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲይዝ ሳምንታዊው አር.ኤስ.አይ. ግን ከኤፕሪሉ ያነሰ ነበር። መኪናው ከፍ ያለ ቦታ ደርሷል፤ ሞተሩ ግን ደክሟል። ከዓመት በኋላ፣ ኤፍ.ቲ.ኤክስ. የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኖቬምበር 2022 ለኪሳራ ሲያመለክት ዋጋው ከ16 ሺህ በታች ወርዶ ነበር።

ታዲያ ይሠራል ወይ?

መልሱ «አንዳንዴ» ነው፤ «አንዳንዴ» ደግሞ ለኪራይ ከፋይ አደገኛ ቃል ነው። ወርቃማውንና የሞቱን መስቀል በታሪክ እንፈትናቸው።

ሀ) በፌብሩዋሪ 2020 ወርቃማ መስቀል ታየ፤ ዋጋው 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በማርች አጋማሽ፣ ከ5 ሺህ በታች ወደቀ። ምልክቱ ስቷል።

ለ) በሜይ 2020 እንደገና ወርቃማ መስቀል ታየ፤ ዋጋው 9 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ60 ሺህ በላይ ሄዶ ታየ። ምልክቱ ሠርቷል።

ሐ) በጁን 2021 የሞት መስቀል ታየ፤ ዋጋው 35 ሺህ አካባቢ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ 69 ሺህ ገደማ ደረሰ። ምልክቱ ስቷል።

መ) በጃንዋሪ 2022 የሞት መስቀል ታየ፤ ዋጋው 43 ሺህ አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት ከ16 ሺህ በታች ወረደ። ምልክቱ ሠርቷል።

ከእነዚህ አራት ምሳሌዎች ሁለቱ ያዙ፣ ሁለቱ ሳቱ። ይህ ማለት ግን ሞመንተም ተረት ነው ማለት አይደለም። ጀጋዲሽና ቲትማን የተባሉ ምሁራን በ1993 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ባለፉት ከ3 እስከ 12 ወራት የተሻለ የሄዱ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ወራትም የተሻለ የመሄድ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። ዩኩን ሊዩ እና አሌህ ሲቪንስኪ ደግሞ በ2021 በታተመ ጥናታቸው በክሪፕቶም ተመሳሳይ የግፊት ዝንባሌ አግኝተዋል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ዝንባሌ በብዙ መቶ ግብይቶች አማካይ የሚታይ ነገር መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገንዘብ፣ ያውም በቤት ኪራይ ገንዘብ ለሚገባ ሰው አማካዩ አይደርስለትም።

ሌላም ማስረጃ አለ። መቀመጫው ስዊዘርላንድ የሆነው የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በኖቬምበር 2022 ያወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2022 የክሪፕቶ መገበያያ መተግበሪያዎችን ተጠቃሚዎች ተመልክቶ ነበር። አዲስ ገቢዎች በብዛት የሚመጡት ዋጋው ከወጣ በኋላ መሆኑን አገኘ። በግምቱም ከአራት ተጠቃሚዎች ሦስቱ ያህል በቢትኮይን ግዢያቸው ገንዘብ አጥተዋል። ሞመንተሙ ለሁሉም እኩል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለ ሞመንተሙ የሚሰማው መኪናው ከዳገቱ አናት ከደረሰ በኋላ ነው።

የኒውዮርክ ሜዳሊያን ትምህርት

ባለ ታክሲዎቻችን ከቢትኮይን በፊት የሚያውቁት አንድ የዋጋ ሩጫ አለ። የኒውዮርክ ቢጫ ታክሲ ለመሥራት ሜዳሊያን የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩም ልክ እንደ ቢትኮይን የተወሰነ ነው። በ2002 ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው ሜዳሊያን በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ገበታ ቢሣል ተንቀሳቃሽ አማካዩ ለረጅም ጊዜ ሽቅብ ባየ ነበር። «ሜዳሊያን ወርዶ አያውቅም» እየተባለ ከሌላ አገር የመጡ ብዙ ሾፌሮች በብድር ገዙ።

የሾፌሩ ሜትር የሚያስገባው ገቢ ግን በዚያ ልክ አላደገም። ዋጋውን ሲገፋው የነበረው ብድርና ተስፋ ነበር። እነ ኡበር ሲመጡ ሁሉም ተገለበጠ፤ በ2018 ከ200 ሺህ ዶላር በታች የተሸጡ ሜዳሊያኖች ነበሩ። ዕዳው ግን ከዋጋው ጋር አብሮ አልወረደም። በ2021 መጸው ሾፌሮቹ በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የረኃብ አድማ እስከ ማድረግ ደርሰው የዕዳ ማቃለያ ስምምነት አስገኙ።

ሜዳሊያን እንኳ ቢያንስ ከሥሩ የሚሠራ ታክሲ ነበረው። ሜትሩን ከዋጋው ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ለማየት ይችል ነበር። በቢትኮይን ይህ ማመሳከሪያ እንኳ የለም። ብድር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በኦክቶበር 2025 መጀመሪያ 126 ሺህ ዶላር ገደማ የደረሰው ቢትኮይን በዚያው ወር 10ኛው ቀን በድንገት ሲወድቅ፣ በክሪፕቶ ገበያዎች ተበድረው የገቡ ሰዎች ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ውል በአንድ ቀን ውስጥ በግድ ተዘግቶባቸዋል። በኖቬምበርም ዋጋው ከ90 ሺህ በታች ወርዶ ነበር።

ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ

ባለ ታክሲና ባለ ሱቅ በእጁ ያለው ገንዘብ ሁሉ የእሱ አይደለም። ከደንበኛ የተሰበሰበው የሽያጭ ታክስ የመንግሥት ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ታክስም እንዲሁ። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ለአይ.አር.ኤስ. የሚከፍለው የሩብ ዓመት ታክስ አለበት። የዕቁብ መዋጮም ቀን አለው፤ ዳኛው ገበታ አይቶ አይምርም።

ለምሳሌ አንድ ሾፌር ለጁን 15 ቀን 2021 ታክስ ያስቀመጠውን 6,000 ዶላር «ሞመንተም አለ፤ ለስድስት ሳምንት ላሠራው» ብሎ በሜይ መጀመሪያ ቢትኮይን ገዛበት እንበል። ያኔ ዋጋው 57 ሺህ ገደማ ነበር። በመክፈያው ቀን 40 ሺህ ገደማ ነበር። ስድስቱ ሺህ 4,200 ያህል ሆኗል ማለት ነው። ዋጋው ከአምስት ወር በኋላ አዲስ ከፍታ ይዟል፤ እውነት ነው። አይ.አር.ኤስ. ግን አምስት ወር ቆሞ አይጠብቅም፤ ቅጣትና ወለድ ይጨምራል።

የመቶኛ ስሌትም ያታልላል። ከ69 ሺህ ወደ 16 ሺህ መውረድ 77 በመቶ መውደቅ ነው። ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን 331 በመቶ መውጣት ያስፈልጋል። ቢትኮይን ወደዚያ ከፍታ የተመለሰው በማርች 2024 ነው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት። ያን ያህል ጊዜ የሚታገሥ አከራይ በ18ኛው ጎዳና ላይ ይገኛል ብዬ አላስብም።

ታክሱን ሳንረሳ

አይ.አር.ኤስ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ቢትኮይንና መሰሎቹን እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ንብረት ይመለከታል። ይህ ለሞመንተም ተከታዮች ከባድ ውጤት አለው።

ሀ) እያንዳንዱ ሽያጭ ለብቻው ይሰላል። አንዱን ክሪፕቶ በሌላው መለወጥም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። ምልክት እየተከተለ በዓመት 60 ጊዜ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በፎርም 8949 ላይ 60ውን ማስፈር አለበት።

ለ) አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች ይዞ የሸጠ ሰው ትርፉ እንደ መደበኛ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል። ከአንድ ዓመት በላይ የያዘ ዝቅ ያለ ተመን ያገኛል። በየሳምንቱ የሚነግድ ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸውን ድርሻ ይጠይቃሉ።

ሐ) ኪሳራ ሁሉ አንድ ጊዜ አይቀነስም። አንድ ሰው በ2021 እየገዛና እየሸጠ 30,000 ዶላር አተረፈ፣ በ2022 ደግሞ ያንኑ 30,000 ከሰረ እንበል። ኪሱ ዜሮ ነው፤ ታክሱ ግን ዜሮ አይደለም። የ2021 ትርፍ በ22 በመቶ ተመን ቢሰላ 6,600 ዶላር የፌዴራል ታክስ አለበት። የ2022ን ኪሳራ ወደ ኋላ ወስዶ ከ2021 ትርፍ ላይ መቀነስ አይችልም። ሌላ የካፒታል ትርፍ ከሌለው ከመደበኛ ገቢው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ብቻ ይቀንሳል። ሠላሳው ሺህ እስኪያልቅ አሥር ዓመት ይፈጃል።

መ) በቢትኮይን የተከፈለ ባለ ሱቅ በዚያ ቀን የነበረውን የዶላር ዋጋ እንደ ገቢ ይመዘግባል። በኋላ ሲሸጠው የሚመጣው ትርፍ ወይም ኪሳራ ሌላ ሒሳብ ነው።

ሠ) በ1040 የፊት ገጽ ላይ ስለ ዲጂታል ንብረት የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ሳታነቡ «አይደለም» ብላችሁ አትለፉ። ከ2025 ሽያጮች ጀምሮ መገበያያዎች 1099-ዲ.ኤ. የሚባል ቅጽ ለአይ.አር.ኤስ. እንዲልኩ ተደርጓል። ቅጹ የሸጣችሁበትን ዋጋ አሳይቶ የገዛችሁበትን ላያሳይ ይችላል። የገዛችሁበት ማስረጃ በእጃችሁ ከሌለ ጠቅላላ ሽያጩ ትርፍ መስሎ ሊታይባችሁ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የዶላሩን ዋጋና የተከፈለውን ኮሚሽን ጽፋችሁ አኑሩ።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ማመልከቻ ታክስ ሳያስገቡ ስለ መቅረትና ስለ ውዝፍ ታክስ ይጠይቃል። በስልክ የተነገደ ነገር አይታይም ብሎ መዝለል፣ ስንት ዓመት የተጠበቀ ማመልከቻ ላይ ጥላ ማጥላት ነው።

በሱቅ ውስጥ ስለሚቆመው ማሽን

በየነዳጅ ማደያውና በየግሮሰሪው የቢትኮይን ማሽን ማቆም ተለምዷል። ባለ ሱቁ የቦታ ኪራይ ያገኛል፤ ነገሩ ቀላል ገቢ ይመስላል። በሴፕቴምበር 2025 ግን የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብራያን ሽዋልብ አቴና ቢትኮይን በተባለው የማሽን ድርጅት ላይ ክስ መሥርተዋል። ክሱ ማሽኖቹ በዲሲ ሥራ በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ወራት ከገባው ገንዘብ 93 በመቶው የማጭበርበር ውጤት ነው ይላል። እስከ 26 በመቶ የሚደርስ ክፍያ በግልጽ ሳይነገር ይወሰድ እንደነበርም ይገልጻል። ይህ የከሳሽ ቃል እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ቢሆንም ማሽን ለማስቆም ውል የምትፈርሙ ባለ ሱቆች ክፍያው ስንት እንደሆነና የት እንደተጻፈ ጠይቁ። አንዲት አሮጊት ስልክ በጆሮአቸው ይዘው ጥሬ ገንዘብ ሲያስገቡ ብታዩ ጠጋ ብላችሁ «እማማ፣ ማን ነው ያዘዘዎት?» ማለት ነውር የለውም።

ሒሳቡም ይታሰብ። 26 በመቶ ከተቆረጠ ከ100 ዶላር 74ቱ ብቻ ወደ ቢትኮይን ይለወጣል። ገንዘቡ ተመልሶ 100 እንዲሆን ዋጋው 35 በመቶ መውጣት አለበት። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ የትኛውም ሞመንተም በቀላሉ አይሞላውም።

ለአገር ቤት ለምትልኩም አንድ ቃል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆ ነበር። በኋላ የውጭ ኩባንያዎች በግድብ ኃይል ቢትኮይን ለማምረት ወደ አገሪቱ ቢገቡም፣ ማምረት መፈቀዱ ግለሰብ እንዲገበያይበት ፈቃድ ነው ማለት አይደለም። ወንድምና እኅታችሁን በማያውቁት ሕግ ውስጥ አትክተቱ።

መልመጃ

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ዓምድ ሥሩ። በመጀመሪያው ቀን የተቆረጠለትን ገንዘብ ሁሉ ጻፉ፤ ኪራይ፣ ታክስ፣ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ዕቁብ። በሁለተኛው ሥራ ቢቆም ለጥቂት ወራት የሚያኖራችሁን ጻፉ። በሦስተኛው ከሁለቱ የተረፈውን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አር.ኤስ.አይ. ስንት መሆኑ አይመለከታችሁም።

የተረፈ ካለ ደግሞ ሳትገዙ ለሦስት ወር ተለማመዱ። በየሳምንቱ እሑድ ማታ የቢትኮይኑን ዋጋ፣ የ30 ቀኑን ፍጥነትና አር.ኤስ.አይ.ውን በደብተር ጻፉ፤ ከጎኑም በሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል ብላችሁ የገመታችሁትን። ከዚያ ግምታችሁን ከሆነው ጋር አስተያዩ። ደብተሩ ከማንም ምክር የበለጠ እውነቱን ይነግራችኋል። በቴሌግራም «የተረጋገጠ ምልክት» እሸጣለሁ የሚል ቢመጣባችሁም የእሱን የሦስት ወር ደብተር ጠይቁት፤ በእርግጥ የሚያውቅ ቢሆን ምልክቱን በ50 ዶላር ባልሸጠላችሁ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት የቀረበ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሰው የታክስና የኢሚግሬሽን ሁኔታ ስለሚለያይ ከመወሰናችሁ በፊት ፈቃድ ያለው ባለሙያ አማክሩ።